ስልጣኑን ማን ሰጠው? ስለ አሜሪካ መንግስትና ህገ መንግስት የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም አንባቢዎቻችን። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሲያትል፣ ከዴንቨር፣ ከዳላስና ከዲሲ የመጡ ናቸው፣ አብዛኞቹ ዜና ሰምተው ግራ የተጋቡ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። የዚህን አገር አሰራር ለመረዳት ለሲቲዝንሺፕ ፈተና ከሚሸመደደው ሁሉ በላይ የሚጠቅመው አንዲት ጥያቄ ሁሌ መጠየቅ ነው፣ ይሄ ባለስልጣን ይሄን እንዲያደርግ ስልጣኑን ማን ሰጠው የትስ ነው የተጻፈው? ፕሬዝዳንት ይሁን ዳኛ ይሁን ፖሊስ ለሁሉም ይሰራል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ጤና ይስጥልኝ። ሹፌር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እሰማለሁ። ፕሬዝዳንቱ ኤክስኪዩቲቭ ኦርደር ፈረመ ይላሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ ዳኛ አገደው ይላሉ። ፕሬዝዳንት ከፈረመው ህግ አይደለም እንዴ? ደሞ ማንም ያልመረጠው ዳኛ ህዝብ የመረጠውን ፕሬዝዳንት እንዴት ያስቆማል?" ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው፣ በየተራ እንየው። ኤክስኪዩቲቭ ኦርደር ፕሬዝዳንቱ በስሩ ላሉት መስሪያ ቤቶች እንዲህ አድርጉ ብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ህግ ማውጣት የኮንግረስ ስራ ነው፣ የህገ መንግስቱ አንቀጽ 1 ገና ሲጀምር የሚናገረው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ የፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ጉልበት የሚያገኘው ወይ ኮንግረስ ካወጣው ህግ ነው ወይ ደግሞ ህገ መንግስቱ በቀጥታ ለፕሬዝዳንቱ ከሰጠው ስልጣን ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ከሌለው አይቆምም።

ይሄ ቁልጭ ብሎ የታየው በ1952 ነው። የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ ነው፣ የብረት ፋብሪካ ሰራተኞች ደግሞ በደሞዝ አልስማማ ብለው ስራ ሊያቆሙ ነው፣ ፕሬዝዳንት ትሩማን ብረት ከሌለ ጦሩ በምን ይዋጋል ብሎ ሰጋና አድማው ሊጀመር ሰአታት ሲቀሩት ኤፕሪል 8 ማታ ለንግድ ሚኒስትሩ ለቻርልስ ሶየር ፋብሪካዎቹን ተረከብ ብሎ አዘዘ። ባለቤቶቹ ወዲያው ከሰሱ። ጉዳዩ ሁለት ወር ሳይሞላው ሱፕሪም ኮርት ደርሶ ጁን 2 ላይ 6 ለ 3 ተፈረደበት። እዚህ ጋ ልብ በልልኝ፣ ያኔ ወንበሩ ላይ የነበሩት ዘጠኙም ዳኞች ወይ በሩዝቬልት ወይ በራሱ በትሩማን የተሾሙ ናቸው፣ ትሩማን ከሾማቸው አራት ዳኞች ደግሞ ሁለቱ ከፈረዱበት ስድስቱ ውስጥ ናቸው። ጦርነት ላይ ያለ አገር ፕሬዝዳንት፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ፣ ራሱ የሾማቸው ሰዎች ፈርደውበት ፋብሪካዎቹን ለባለቤቶቹ መለሰ፣ አድማውም ተካሄደ፣ ከ50 ቀን በላይም ቆየ። ስለዚህ አገር መንግስት አንድ ታሪክ ብቻ ንገረን ብባል እኔ የምመርጠው ይሄን ነው።

ከስድስቱ አንዱ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ለብቻቸው የጻፉትን ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ፕሬዝዳንቱ ኮንግረስ ፈቅዶለት ሲሰራ ጉልበቱ ከሁሉም ጊዜ የበረታ ነው፣ ኮንግረስ ምንም ባላለበት ጉዳይ ሲሰራ ነገሩ ድንግዝግዝ ነው እንደ ሁኔታው ይታያል፣ ኮንግረስ አልፈልግም ያለውን ሲያደርግ ግን ጉልበቱ ከሁሉም ያነሰ ነው አሉ። የብረቱ ጉዳይ ሶስተኛው ላይ ነው የወደቀው፣ ምክንያቱም ኮንግረስ በ1947 የሰራተኛና አሰሪ ህግ ሲያወጣ መንግስት ፋብሪካ መውሰድ ይቻል የሚል ሀሳብ ቀርቦለት አልተቀበለውም ነበር። አንተም ሬዲዮ ላይ ኦርደር ተፈረመ ሲሉ መጀመሪያ ኮንግረስ በዚህ ጉዳይ ምን ብሏል ብለህ ጠይቅ፣ ግማሹ መልስ እዛ ነው ያለው።

ወደ ዳኛው ስንመጣ፣ ልክ ነህ የፌዴራል ዳኛ አይመረጥም። ፕሬዝዳንቱ ያጫል፣ ሴኔት ያጸድቃል፣ ከዛ በኋላ ጥፋት ካልተገኘበት እድሜ ልኩን ነው፣ ስራ ላይ እያለም ደሞዙን መቀነስ ክልክል ነው። ይሄ ሁሉ የሾመውን ሰው ሳይፈራ እንዲፈርድ ታስቦ ነው፣ የትሩማን ዳኞች ያንን ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነው። ህግን "ከህገ መንግስቱ ጋር ይጋጫል" ብሎ የመጣል ስልጣን ግን በግልጽ ተጽፎ አታገኘውም። እሱ የመጣው በ1803 ማርበሪ ማዲሰንን በከሰሰበት ጉዳይ ነው። ዊልያም ማርበሪ ለዲሲ አነስተኛ የዳኝነት ሹመት ተሰጠው፣ ወረቀቱ ተፈርሞ ማህተም ተመቶበት እጁ ሳይገባ ፕሬዝዳንቱ ተቀየረ፣ አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰን አልሰጥም አለ። የሱፕሪም ኮርቱ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ሹመቱ ይገባዋል አሉ፣ ግን በቀጥታ ወደኛ እንዲመጣ የፈቀደለት የኮንግረስ ህግ ራሱ ህገ መንግስቱ ከሚለው ውጪ ስለሆነ አይሰራም፣ ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ የትኛው እንደሚበልጥ መናገር የፍርድ ቤት ስራ ነው አሉ። ማርበሪ ሹመቱን ሳያገኝ ቀረ፣ ውሳኔው ግን ይኸው ከ200 ዓመት በላይ እየተሰራበት ነው።

ስለ እገዳው አንድ አዲስ ነገር ልጨምርልህ። በጁን 2025 ሱፕሪም ኮርት 6 ለ 3 በሆነ ድምጽ አንድ የወረዳ ዳኛ ለአገሩ ሁሉ የሚሰራ እገዳ ማውጣቱ ኮንግረስ ለፍርድ ቤቶች ከሰጠው ስልጣን ሳያልፍ አይቀርም ብሎ፣ እገዳው ለከሳሾቹ በሚበቃቸው ልክ እንዲሆን አድርጓል። ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚከስበት ክላስ አክሽን ግን አሁንም አለ። አየህ፣ ስልጣኑን ማን ሰጠህ የሚለው ጥያቄ ለዳኛውም አይቀርለትም።

"ግሪን ካርድ ይዤ አራት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሲቲዝን እስክትሆኚ ድረስ ህገ መንግስቱ አንቺን አይመለከትሽም ይለኛል። እውነት ነው?" ከሲያትል

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ቅር አይበለውና እውነት አይደለም። አምስተኛውም አስራ አራተኛውም አሜንድመንት (የህገ መንግስቱ ማሻሻያ) ያለ ተገቢ የህግ ሂደት ህይወቱን፣ ነጻነቱን፣ ንብረቱን አይነጠቅም የሚሉት ስለ ዜጋ ብቻ ሳይሆን ስለ ማንኛውም ሰው ነው። ይሄ ደግሞ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም፣ የሳን ፍራንሲስኮውን የይክ ዎን ጉዳይ ልንገርሽ።

ከተማዋ በ1880 ከእንጨት በተሰራ ቤት ላውንድሪ መክፈት የሚፈልግ የከተማውን ቦርድ ፈቃድ ማግኘት አለበት የሚል ደንብ አወጣች። ምክንያቱ እሳት ነው ተባለ። ከተማዋ ውስጥ 320 ገደማ ላውንድሪዎች ነበሩ፣ ከነሱ 310 ያህሉ የእንጨት ቤት ናቸው። ወደ 200 የሚሆኑ ቻይናውያን ፈቃድ ጠየቁ ሁሉም ተከለከሉ፣ ቻይናዊ ያልሆኑ 80 ገደማ ሰዎች ጠየቁ ከአንድ በስተቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። አንዱ ከሳሽ በይክ ዎ ስም የሚጠራው ሰውዬ እዛው ቤት ውስጥ 22 ዓመት ልብስ ሲያጥብ የኖረ ነው፣ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪዎች አይተው ምንም ችግር የለበትም ብለውታል። ሲከለከል ስራውን ቀጠለና 10 ዶላር ተቀጣ፣ ካልከፈለ 10 ቀን እስር። ሱፕሪም ኮርት በ1886 በሙሉ ድምጽ ፈረደለት። ደንቡ ሲነበብ ለሁሉም እኩል ይመስላል፣ አፈጻጸሙ ግን አንድ ህዝብ ላይ ያነጣጠረ ነው፣ የአስራ አራተኛው አሜንድመንት ጥበቃም ለዜጋ ብቻ አይደለም አለ። እህቴ፣ ያን ጊዜ እኮ ቻይናውያን ዜጋ መሆን በህግ የተከለከሉ ነበሩ! ቢፈልጉም ሊሆኑ የማይችሉ ሰዎችን ነው ህገ መንግስቱ የጠበቃቸው። በ1982 ደግሞ ቴክሳስ ወረቀት የሌላቸውን ህጻናት ከመንግስት ትምህርት ቤት ማስወጣት አትችልም ተብሎ 5 ለ 4 ተወስኗል፣ እሱም የቆመው በዚሁ አሜንድመንት ላይ ነው።

ይሄን ስልሽ ግን ሁሉ ነገር እኩል ነው ማለቴ አይደለም፣ ልዩነቱን ማወቅ አለብሽ። ማን ይግባ ማን ይውጣ በሚለው ላይ ኮንግረስ በጣም ሰፊ ስልጣን አለው፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም በአንዳንድ ወንጀሎች ምክንያት ሊባረር ይችላል። የኢሚግሬሽን ዳኞች የሚሰሩት በፍትህ ሚኒስቴር ስር ነው፣ ቅድም እድሜ ልክ የሚሾሙ ካልናቸው አይደሉም። በወንጀል ተከሶ ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው መንግስት ጠበቃ ይመድብለታል፣ ይሄ ከ1963ቱ የጊዲዮን ውሳኔ ጀምሮ በየስቴቱ ግዴታ ነው፣ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ጉዳዩ ወንጀል ስላልሆነ በራስሽ ወጪ ነው። ለዛ ነው በወንጀል የተከሰሰ ግሪን ካርድ ያለው ሰው "ጥፋተኛ ነኝ በልና ቶሎ ትወጣለህ" ሲባል መጠንቀቅ ያለበት። ሆሴ ፓዲያ የሚባል የሆንዱራስ ተወላጅ የጭነት መኪና ሹፌር ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ ለአሜሪካ ጦር ቬትናም የዘመተ ሰው ነው፣ ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተይዞ ጠበቃው ብዙ ስለኖርክ አያስባርርህም ስላለው አመነ፣ መባረር መጣበት። ሱፕሪም ኮርት በ2010 ጠበቃ ለደንበኛው የመባረር አደጋ እንዳለ የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ዘመድም ጓደኛም ቢከሰስ ዜጋ አለመሆኑን ለጠበቃው ከመጀመሪያው ቀን ይንገር።

ሌላው የማስጠነቅቅሽ ምርጫ ነው። የፌዴራል ምርጫ ላይ መምረጥ ለዜጋ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ልታወጪ ስትሄጂ ለምርጫ ትመዘገቢያለሽ ወይ የሚል ሳጥን አለ፣ ሳታነቢ ቲክ እንዳታደርጊ በናትሽ። ሲቲዝን ነኝ ብሎ መፈረም ነው፣ በስህተት ቢሆንም ለሲቲዝንሺፕ ስታመለክቺ ከባድ ጣጣ ያመጣል።

"ዴንቨር ካናቢስ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆኜ ስራ አገኘሁ፣ ስቴቱ የፈቀደው ነው ታክስም ይከፍላል። ጓደኛዬ ግን ሲቲዝንሺፕ ስታመለክት ይይዝሃል አለኝ። ስቴት የፈቀደው ነገር እንዴት ህገወጥ ይሆናል?" ከዴንቨር

መልስ፦ ጓደኛህን ስማው ወንድሜ። አንተ የምትኖረው በአንድ ጊዜ በሁለት መንግስት ስር ነው። ኮሎራዶ በ2012 በህዝብ ድምጽ ፈቀደች፣ ያ ማለት የኮሎራዶ ፖሊስ በኮሎራዶ ህግ አይከስህም ማለት ነው፣ የፌዴራሉን ህግ ግን ኮሎራዶ ልትሰርዝ አትችልም፣ የህገ መንግስቱ አንቀጽ 6 የፌዴራል ህግና የስቴት ህግ ሲጋጩ የፌዴራሉ ይበልጣል ይላል። በፌዴራል ህግ ካናቢስ አሁንም ቁጥጥር ያለበት ነገር ነው፣ የኢሚግሬሽኑ መስሪያ ቤት ደግሞ በ2019 ባወጣው መመሪያ ስቴቱ ቢፈቅድም በዚህ ንግድ ውስጥ መስራት ለሲቲዝንሺፕ የሚጠየቀውን የመልካም ስነምግባር መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ፊርማህን ከማኖርህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር።

ፌዴራል መንግስቱ ግቢ ውስጥ ስለበቀለ ተክል ምን አገባው ካልክ መልሱ ኮንግረስ በስቴቶች መካከል ያለ ንግድን ይቆጣጠራል የሚለው አንቀጽ ነው። ፍርድ ቤቶች ይቺን አንቀጽ በጣም ለጥጠዋታል። ፊልበርን የሚባል የኦሃዮ ገበሬ 11 ኤከር ገደማ ስንዴ እንዲዘራ ተፈቅዶለት 23 ኤከር ዘራ፣ ትርፉ እዛው እርሻዬ ላይ የምጠቀምበት ነው ለገበያ አይደለም አለ፣ በ1942 ግን ሁሉም እንዳንተ ቢያደርግ የአገሩን የስንዴ ገበያ ይነካል ተብሎ ቅጣቱ ጸና። በ2005 ደግሞ በዚሁ መንገድ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤታቸው ለህክምና ካናቢስ የሚጠቀሙ ሴቶች ተሸነፉ። እኔ በበኩሌ የስንዴው ውሳኔ ከልክ ያለፈ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ለራሱ ከብት የሚያበላን ገበሬ ነጋዴ ማድረግ ነው፣ ግን እስካሁን አልተሻረም።

በሌላ በኩል ፌዴራሉ ራሱ ማስፈጸም ይችላል እንጂ የስቴት ፖሊስን አንተ አስፈጽምልኝ ብሎ ማዘዝ አይችልም። በ1997 ሁለት ሸሪፎች የመሳሪያ ገዢዎችን ታሪክ አጣሩ ተብለው በፌዴራል ህግ ሲታዘዙ ከሰው አሸነፉ። ዛሬ ከተሞች ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር አንተባበርም ሲሉ የሚጠቅሱት ይሄን ውሳኔ ነው፣ ያኔ ያሸነፉት መሳሪያ ቁጥጥር የማይወዱ ሸሪፎች ነበሩ፣ ህጉ ግን ለማንም እኩል ይሰራል።

"ፌስቡክ ላይ ስለ ፖለቲካ በጻፍኩት ምክንያት የምሰራበት መጋዘን አባረረኝ። ፈርስት አሜንድመንት የመናገር ነጻነት አይሰጠኝም ወይ?" ከዳላስ

መልስ፦ ይሄ በጣም የሚያሳዝን ነገር ነው፣ ብዙ ሰው እየደረሰበት ነው። ፈርስት አሜንድመንት የሚያስረው ግን መንግስትን ነው፣ የግል ድርጅትን አይደለም። ህገ መንግስቱ በአጠቃላይ መንግስት ሰዎች ላይ የሚያደርገውን ነው የሚገድበው። አሰሪህ የመንግስት መስሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሌላ ይሆን ነበር፣ ሜሪ ቤት ቲንከር በ1965 የ13 ዓመት ልጅ ሆና የቬትናም ጦርነትን ተቃውማ ክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት በመሄዷ የደረሰባትን ቅጣት ተከራክራ በ1969 ያሸነፈችው ትምህርት ቤቱ የመንግስት ስለነበር ነው።

ይሄ ማለት ግን የግል አሰሪ የፈለገውን ያደርጋል ማለት አይደለም። እሱን የሚያስረው ኮንግረስና ስቴቶች የሚያወጡት ህግ ነው፣ ለምሳሌ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ 15 ሰውና ከዛ በላይ ያለው አሰሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በትውልድ አገር እንዳያዳላ ይከለክላል። ስለዚህ እንዲህ ብለህ አስበው፣ አንተን የፖለቲካ ጽሁፍ ጻፍክ ብሎ ያባረረው አለቃ ተመሳሳይ ነገር የጻፈውን የሌላ አገር ሰው ዝም ብሎታል? እንደዛ ከሆነ የትውልድ አገር አድልዎ ሊሆን ይችላል። ስለ ደሞዛችሁና ስለ ስራ ሁኔታ ከስራ ባልደረቦችህ ጋር የተጻጻፍከው ከሆነም ሌላ የፌዴራል የሰራተኛ ህግ ይጠብቅሃል። የአቤቱታ ቀነ ገደቡ አጭር ነው፣ የጻፍከውንና የተጻፈልህን ስክሪንሾት አስቀምጥና ቶሎ የስራ ጉዳይ ጠበቃ ፈልግ።

"ፕሬዝዳንት ኢምፒች ከተደረገ በኋላ ለምን ወንበሩ ላይ ይቆያል?" ከአሌክሳንድሪያ፣ ሌላ አንባቢ

መልስ፦ ኢምፒችመንት ክስ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ሀውስ፣ ማለትም የተወካዮች ምክር ቤቱ፣ በአብላጫ ድምጽ ይከሳል፣ ሴኔት ይዳኛል፣ ለማውረድ ከሴኔት ሁለት ሶስተኛ ድምጽ ያስፈልጋል። አንድሩ ጆንሰን በ1868 በአንድ ድምጽ ብቻ ነው የተረፈው፣ ክሊንተን አንድ ጊዜ፣ ትራምፕ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተከሰው ሴኔት ላይ ነጻ ወጥተዋል። በዚህ መንገድ ከስልጣን የወረደ ፕሬዝዳንት እስካሁን የለም፣ ኒክሰን በ1974 ሀውስ ድምጽ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ለቀቀ።

"እኔ ዲሲ ነው የምኖረው፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ታክሴን እከፍላለሁ። ታናሽ እህቴ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሁለት ሴናተር አላት፣ እኔ አንድም የለኝም። በምን ሂሳብ ነው ልጄ?" ከዲሲ

መልስ፦ እናቴ፣ ይሄ ጥያቄ እኔንም ሁሌ ያንገበግበኛል። ሲመሰረት ምክንያት ነበረው። በ1783 ደሞዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ውስጥ ኮንግረሱ ያለበትን ህንጻ ከበቡ፣ ፔንሲልቬኒያ ሚሊሻዋን አውጥታ አልጠብቅም አለች፣ ኮንግረሱም ከተማውን ጥሎ ሄደ። ከዛ በኋላ ህገ መንግስቱ ሲጻፍ ዋና ከተማው በየትኛውም ስቴት ስር ሳይሆን በኮንግረስ ስር ይሁን ተባለ። ሴናተርና ድምጽ ያለው የሀውስ ተወካይ ያላቸው ደግሞ ስቴቶች ናቸው፣ ዲሲ ስቴት ስላልሆነች እርስዎ ከሂሳቡ ወጡ። ያኔ ጥቂት ሰው ነበር የሚኖርበት፣ ዛሬ ግን ዲሲ ወደ 700 ሺህ ሰው አላት፣ ከዋዮሚንግም ከቨርሞንትም ትበልጣለች።

በ1961 ሃያ ሶስተኛው አሜንድመንት ሲጸድቅ ፕሬዝዳንት የመምረጥ መብት መጣ፣ ፕሬዝዳንቱን በመጨረሻ ከሚመርጡት 538 የኤሌክተር ድምጾች 3ቱ የዲሲ ናቸው፣ መጀመሪያ የተመረጠውም በ1964 ነው። ከ1973ቱ የሆም ሩል ህግ ወዲህ ከንቲባና ካውንስል አላችሁ፣ ግን ካውንስሉ ያወጣውን ህግ ኮንግረስ ሊጥለው ይችላል፣ በ2023 የወንጀል ህጉን ማሻሻያ ጥሎታል፣ ፕሬዝዳንት ባይደንም ፈርመውበታል። ሀውስ ውስጥ ያለው የዲሲ ተወካይ ኮሚቴ ላይ ይናገራል ይመርጣል፣ ህግ በመጨረሻ ሲጸድቅ ግን ድምጽ የለውም።

ለመቀየር ሁለት መንገድ ተሞክሯል። አንደኛው ህገ መንግስቱን ማሻሻል ነው፣ እሱ ሁለት ሶስተኛ የሁለቱም ምክር ቤቶች ድምጽና ከ50ው ስቴት የ38ቱን ማጽደቅ ይፈልጋል። ኮንግረስ በ1978 ለዲሲ ሙሉ ውክልና የሚሰጥ አሜንድመንት አሳልፎ ነበር፣ 16 ስቴት ብቻ አጸደቀውና በ1985 ጊዜው አለፈ። የጊዜ ገደብ ባይደረግበት ኖሮ ዛሬም በቆመ ነበር፣ ስለ ኮንግረስ አባላት ደሞዝ የሚናገረው ሃያ ሰባተኛው አሜንድመንት በ1789 ቀርቦ የጸደቀው በ1992 ነው። ሁለተኛው መንገድ ዲሲን ስቴት ማድረግ ነው፣ ለዚህ ኮንግረስ በተራ ህግ ይችላል የሚሉ አሉ፣ ሃያ ሶስተኛው አሜንድመንት እያለ አይሆንም የሚሉም አሉ። ሀውስ በ2020 እና በ2021 አሳልፎት ነበር፣ ሴኔት ላይ ቆመ።

እኔ የሚሆን ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ህገ መንግስቱ አዲስ ስቴት የመቀበልን ስልጣን የሰጠው ለኮንግረስ ነው፣ የዋናውን ከተማ ስፋትም ቢበዛ አስር ማይል በአስር ማይል ይሁን አለ እንጂ ቢያንስ ይህን ያህል ይሁን አላለም፣ ስለዚህ ካፒቶሉንና ዋይት ሀውሱን ብቻ ይዞ የቀረውን መልቀቅ ይችላል። ጉዳዩ የቀረው ሴኔት ላይ ስለሆነ እርስዎ የሚደውሉለት ሴናተር ባይኖርም እህትዎ ግን ሁለት አሏት፣ ስልኩን እሷ ታንሳልዎ።